የአንኮበር ሴሪን ፍለጋ፦ ብርቋን ወፍ ለማየት፣ ሌሎቹንም ላለማለፍ

ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ በ1870ዎቹ መጨረሻ፣ ከአንኮበር ብዙም በማይርቀው ልጥ ማረፊያ የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር የጥናት ጣቢያ ተቋቁሞ ነበር። የጣቢያው መሪ ኦራዚዮ አንቲኖሪ በወፍ ጥናት የታወቀ ሰው ነበር፤ በ1882 እዚያው እስኪሞት ድረስ የአካባቢውን ወፎች ሲሰበስብ ኖሯል። ከእርሱ በኋላ የመጡትም ሥራውን ቀጥለው የሸዋን ወፎች ናሙና ወደ ጣሊያን ልከዋል።

ያም ሆኖ በዚያው አገር የገደል አፋፍ ላይ ጥራጥሬ እየለቀመች የምትኖር አንዲት ቡናማ ወፍ ከማንም መዝገብ ሳትገባ ቀረች። እንግሊዛዊው የወፍ አጥኚ ጆን አሽ ያገኛት በ1976 ነው፤ ስም ወጥቶላት ለሳይንሱ ዓለም የተዋወቀችው ደግሞ በ1979። ዛሬ የአንኮበር ሴሪን ትባላለች። ከኢትዮጵያ ውጭ አትገኝም። በአገር ውስጥም የምትታወቀው በሰሜን ሸዋ ገደሎችና እስከ ሰሜን ተራሮች ባሉ ጥቂት ደጋማ ቦታዎች ብቻ ነው።

ይህችን ወፍ ፍለጋ የሚወጣ ሰው ሁለት ነገር አብሮ ሊያቅድ ይገባዋል፤ እርሷን የሚያገኝበትን ዕድል የሚያሰፋ ዝግጅት፣ እርሷ በማትታይባቸው ሰዓታት ደግሞ ዐይኑ ሥራ የማይፈታበትን አካሄድ። ሁለቱ ሲጣመሩ ቀኑ በአንዲት ወፍ መታየትና አለመታየት ላይ አይንጠለጠልም። የሚከተለው መመሪያ አንኮበርን መነሻ ያደርጋል፤ ዘዴው ግን ለሌላ ብርቅ ወፍም ያገለግላል። በጽሑፉ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን፣ ወራቱና ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

1. ብርቅነቷ ከምን እንደመጣ ይወቁ

ብርቅ የሚባሉ ወፎች ሁሉ በአንድ ምክንያት ብርቅ አልሆኑም፤ ፍለጋቸውም እንደ ምክንያቱ ይለያያል።

በቦረና ያቤሎና አካባቢው የሚኖረውን ግራጫ የቁራ ዘመድ እንውሰድ። በዓለም ላይ ሌላ መኖሪያ የለውም። ነገር ግን ያቤሎ ለደረሰ ሰው በመንገድ ዳርና በከብት መካከል ሲመላለስ በቀላሉ ይታያል። እርሱን ለማየት የሚጠይቀው ረጅም መንገድ እንጂ ረጅም ትዕግሥት አይደለም። በነገሌ አቅራቢያ በሊበን ሜዳ የምትኖረው የሊበን ላርክ ደግሞ ሌላ ናት። በሣር መካከል የምትሮጥ ትንሽ ወፍ ስትሆን፣ ሜዳው እየታረሰ፣ በከብት እየተጋጠና በቁጥቋጦ እየተወረረ በመሄዱ ቁጥሯ እጅግ ተመናምኗል።

ከእነዚህም የባሱ አሉ። በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ በ1990 ተመራማሪዎች መንገድ ላይ የሞተ ናይትጃር የተባለ በሌሊት የሚበር ወፍ ክንፍ አነሱ፤ በዚያ አንድ ክንፍ መነሻነት በ1995 አዲስ ዝርያ ተሰየመ። በበርጋና በሱሉልታ ረግረጎች በክረምት የምትራባው ነጭ ክንፍ ፍላፍቴይልም ከጥቅጥቅ ሣር ስለማትወጣ ለማየት እጅግ ታስቸግራለች። ለመጥፋት ከተቃረቡት የአፍሪካ ወፎች አንዷ ስለሆነች፣ ረግረጉን እየረገጡ ማባረር ጎጆዋን ማጥፋት ነው። እንዲህ ያለችውን ወፍ መፈለግ ለተፈቀደላቸው አጥኚዎች መተው ይገባል።

የአንኮበር ሴሪን ከመጀመሪያው ወገን ትቀርባለች። መኖሪያዋ ጠባብ ነው፤ በመኖሪያዋ ግን በመንጋ ትታያለች። አስቸጋሪ የሚያደርጋት ቦታው ገደል፣ አየሩ ጭጋግ፣ መልኳም የአፈር መልክ መሆኑ ነው። ስለዚህ ለእርሷ የሚያስፈልገው ትክክለኛ አፋፍ፣ ትክክለኛ ሰዓትና የሠለጠነ ዐይን ነው።

2. ከመሄድዎ በፊት ተመሳሳዮቿን ያጥኑ

ሴሪን የድንቢጥ መጠን ያላት፣ አጭርና ወፍራም ማንቁር ያበጀች ጥሬ ለቃሚ ወፍ ናት። የአንኮበሯ ከራስ ቅሏ እስከ ጅራቷ ሥር በጥቋቁር ጭረት የተሸፈነች ቡናማ ስትሆን፣ ቢጫም ሆነ ሌላ ደማቅ ቀለም የላትም። በምስል ሲያዩዋት የምትረሳ ትመስላለች። ገደል ላይ ግን ከእርሷ ጋር የሚቀላቀሉ ቢያንስ ሁለት ዘመዶች ስላሏት፣ ልዩነቱን ቤት ሆነው ቢያጠኑት ይሻላል።

አንደኛው በደጋው ሁሉ የሚገኘው ባለ ጭረት ጥሬ ለቃሚ ነው። ከዐይኑ በላይ ጎልቶ የሚታይ ነጣ ያለ ቅንድብ አለው፤ የአንኮበር ሴሪን እንዲህ ያለ ጎላ ያለ ቅንድብ የላትም። ሁለተኛው ጀርባው ያለ ጭረት ለስላሳ ቡናማ የሆነው ነው። እርሱም አጭር ነጭ ቅንድብና ነጣ ያለ ጉሮሮ አለው። ሁለቱም በአዲስ አበባ ግቢዎችና በእንጦጦ አካባቢ ስለሚታዩ፣ ለልምምድ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጠዋት ጠዋት በአጥርና በሣር ላይ የሚለቅሙትን ትናንሽ ቡናማ ወፎች «ድንቢጥ» ብሎ ከማለፍ፣ ቅንድባቸውን፣ ደረታቸውንና የጀርባቸውን ጭረት መለየት ይለማመዱ። ይህን ያደረገ ሰው ገደሉ ላይ ሲደርስ ሦስተኛዋን ለመለየት አይቸገርም።

ለጥናት የሚረዳው ዋና መጽሐፍ ኒጄል ሬድማን፣ ቴሪ ስቲቨንሰንና ጆን ፋንሾ ያዘጋጁት የአፍሪካ ቀንድ ወፎች መለያ ነው። በስልክ የሚሠራው መርሊን የተባለው መተግበሪያም ይጠቅማል፤ ግን ኔትወርክ ከሚጠፋበት ቦታ ከመድረስዎ በፊት የኢትዮጵያን ወፎች ጥቅል ስልክዎ ላይ ያውርዱ። መተግበሪያው የሚሰጠውን ስም እንደ ጥቆማ እንጂ እንደ ፍርድ አይውሰዱት፤ የተመሳሳይ ቡናማ ወፎች ጉዳይ የሚለየው በዐይን ነው።

3. ወሩንና ሰዓቱን ይምረጡ

ለሰሜን ሸዋ ደጋ አመቺው ጊዜ ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ከደረቀበት ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ነው። በዚህ ወቅት ተጨማሪ ጥቅም አለ። የአውሮፓና የእስያ ክረምት የሚያባርራቸው ስደተኛ ወፎች ከመስከረም ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ ይገባሉ፤ ብዙዎቹም እስከ መጋቢትና ሚያዝያ ይቆያሉ። በአንድ ቀን የአገሩንም የእንግዳውንም ወፍ ማየት የሚቻለው በእነዚህ ወራት ነው። ለገና ወይም ለጥምቀት ከውጭ አገር የሚመጡ ቤተሰቦችም ያለ ተጨማሪ ጉዞ ከዚህ ወቅት ጋር ይገጥማሉ። ከየካቲት በኋላ የበልግ ዝናብና ጭጋግ ሊኖር ስለሚችል ቀን ማራዘም ያስፈልጋል።

ሰዓቱ ከወሩ አይተናነስም። ከቆላው የሚወጣው ጉም ብዙ ጊዜ ረፋዱ ላይ አፋፉን ይሸፍናል፤ አንዴ ከሸፈነ ደግሞ አሥር እርምጃ ርቆ ያለ ወፍ አይታይም። ስለዚህ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት አፋፉ ላይ መገኘት የመጀመሪያው ግብ ይሁን። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ይህን ማድረግ አይቻልም። ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ከእርሷ እስከ አንኮበር ደግሞ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። ደብረ ብርሃን ወይም አንኮበር ማደርና በጨለማ መነሣት ይሻላል።

ከመንገዱ በፊት የሚቀድም አንድ ጥያቄ አለ፤ እርሱም የጸጥታ ጉዳይ ነው። የሰሜን ሸዋ መንገዶች ሁኔታ ከጊዜ ወደ ጊዜ ተለዋውጧል። በሚሄዱበት ሳምንት የአካባቢውን ሰዎች፣ የትራንስፖርት ሠራተኞችንና የወረዳውን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። መልሱ «ቆዩ» ከሆነ ይቆዩ።

4. ዕቃውን ቀለል፣ ልብሱን ከበድ ያድርጉ

አስፈላጊው መሣሪያ ባይኖኩላር ነው። ለጀማሪ የሚመከረው 8 በ42 የሚባለው ነው፤ 8 ማለት ስምንት እጥፍ ያቀርባል፣ 42 ደግሞ የፊት መስተዋቱ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። አሥር እጥፍና ከዚያ በላይ የሚያቀርበው የተሻለ ቢመስልም፣ በነፋስ ላይ በቆመ ሰው እጅ ምስሉ ይንቀጠቀጣል፤ የሚያሳየው ስፋትም ስለሚጠብ ትንሿን ወፍ ለማግኘት ያስቸግራል። በእግር የሚቆም ቴሌስኮፕ ያለው ሰው በቡድኑ ካለ ገደሉን ለመቃኘት ትልቅ እርዳታ ነው።

አጠቃቀሙን አስቀድመው ይለማመዱ። ዐይንዎን ከወፉ ሳይነቅሉ ባይኖኩላሩን ወደ ዐይንዎ ያምጡት እንጂ፣ ባይኖኩላሩን አስቀድመው ገጥመው ወፉን አይፈልጉ። ይህ ትንሽ ልማድ ብዙ ወፍ እንዳያመልጥዎ ያደርጋል።

አፋፉ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ጠዋት ውርጭ አለ፤ ረፋዱ ላይ ደግሞ ፀሐዩ ቆዳ ይልጣል። ጋቢ ወይም ወፍራም ካፖርት፣ ጓንት፣ ባርኔጣና ድንጋይ ላይ የማይንሸራተት ጫማ ያስፈልጋል። ውሃ በብዛት ይያዙ። ለስንቅ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ ወይም በሶ ይበቃል፤ እጅ አያቆሽሽም፣ ለረጅም ሰዓትም ያቆማል። ከዝቅተኛ አገር የመጣ ሰው በመጀመሪያው ቀን ቢያደክመው ወይም ራሱን ቢያመው ከፍታው ነውና፣ በዝግታ ይራመድ።

ከዕቃው ሁሉ ርካሹና ብዙ ጊዜ የሚረሳው ደብተርና እርሳስ ነው። ለምን እንደሚያስፈልግ ወደኋላ ይመጣል።

5. መንገዱን ከምልከታው አይለዩት

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ያለው ሜዳ በገብስ ማሳ፣ በግጦሽና በትንንሽ ጅረቶች የተሞላ ነው። ሴሪኗን ብቻ አስቦ የሚከንፍ መኪና ይህን ሜዳ በአንድ ሰዓት ያቋርጠዋል። ከሚታዩት ወፎች በርካታዎቹ ግን ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ የማይታዩ ናቸው። ጠዋት ወደ አፋፉ ሲጣደፉ ባይመች፣ ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ ሦስት አራት ቦታ ይቁሙ።

ጅረት ባለበት ሰማያዊ ክንፍ ያለውን ዝይ ይፈልጉ። ወፍራም ላባ ያለው ግራጫ ዝይ ሲሆን፣ ሲራመድም ሲያርፍም አንገቱን ወደኋላ አጥፎ ጀርባው ላይ ያስተኛል፤ ከሩቅ የሚለየው በዚህ ነው። በዚያው ረግረግ ጅራቱን እየነቀነቀ ነጭ ሥሩን የሚያሳይ ቡናማ የውሃ ዳር ወፍ ካዩ የሩዤ ሬይል ነው። የረግረግ ወፎች አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሲያዩ ይሸሸጋሉ፤ ይህኛው ግን ደፋር ስለሆነ በቅርብ ቆሞ ሲለቅም ይታያል። በግጦሹ ላይ ቢጫ ጉሮሮውን በጥቁር ሐብል የከበበ ወፍ ድንጋይ ላይ ቆሞ ሲዘምር ካገኙ ደግሞ የአቢሲኒያ ሎንግክሎው ነው።

ጋጋኖ መፈለግ አያስፈልገውም፤ ጩኸቱ አስቀድሞ ይመጣል። በመንጋ ሆኖ ረጅምና ጎባጣ ማንቁሩን በሣሩ ውስጥ እየወጋ ትል ይለቅማል። ብዙ ሰው ከልጅነቱ ስለሚያውቀው በባይኖኩላር አይቶት አያውቅም። አንድ ጊዜ ቆሞ ያየው ሰው ከጉሮሮው የተንጠለጠለውን ቆዳና በክንፉ ላይ ያለውን የሚያበራ አረንጓዴ ያገኛል።

በጥርና በየካቲት ከሜዳው በላይ ዝቅ ብሎ ክንፉን በቪ ቅርጽ ከፍ አድርጎ የሚንሳፈፍ ነጣ ያለ ጭልፊት መሰል ወፍ ከታየ፣ ከመካከለኛው እስያ የሣር ምድር የመጣ ገርጣ ያለ ሃሪየር ሊሆን ይችላል። አፈር ላይ ቆመው የሚታዩት ትላልቅ ቡናማ ንስሮችም ብዙ ጊዜ ከዚያው የሣር ምድር የመጡ ስደተኞች ናቸው።

6. አፋፉ ላይ ቁጭ ይበሉ

ለአንኮበር ሴሪን በወፍ ተመልካቾች ዘንድ የሚታወቀው ቦታ አንኮበር ከመድረስዎ በፊት ከመንገዱ ዳር ያለው ገማሳ ገደል ነው። መሬቱ በድንገት ተቆርጦ እስከ አፋር ቆላ ቁልቁል ይወርዳል። ወፏ የምትውለው በዚህ ቁልቁለት ላይኛው ጠርዝ፣ አጭር ሣር፣ ጭቃማ እርከንና ሽበት ያበቀለ ድንጋይ በተቀላቀለበት ነው። ሜዳው ላይ ሃምሳ ሜትር ወደኋላ ቆሞ የሚፈልግ ሰው አያገኛትም።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ከጠርዙ ሁለት ሦስት እርምጃ ርቀው ጽኑ መሬት ላይ ይቁሙ ወይም ይቀመጡ። ጤዛ ያረፈበት ሣር ያንሸራትታልና ለአንዲት ወፍ ብለው ጠርዙን አይርገጡ፤ ሕፃናት ካሉ እጃቸውን ይያዙ። አፋፉ ቀጥ ያለ መስመር ስላልሆነ፣ ገባ ወጣ ከሚልበት ላይ የጎንዎን ግድግዳ ማየት የሚያስችልዎትን ቦታ ይምረጡ። ገደሉ ወደ ምሥራቅ ስለሚያይ ጠዋት ፀሐይ ፊት ለፊት ትመታለች፤ በጎን በኩል ሲያዩ ግን ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ያርፍና ወፉ በደንብ ይለያል።

ከዚያ ቁልቁለቱን በዐይን ብቻ ይቃኙ። የሚፈልጉት እንቅስቃሴ ነው። አምስት ስድስት ሆነው ሣሩ ላይ እየዘለሉ የሚለቅሙ፣ በአንድ ጊዜ ብድግ ብለው ጥቂት ሜትር ዝቅ ብለው እንደገና የሚያርፉ ትናንሽ ወፎች ሲያዩ ባይኖኩላሩን ያንሡ። መንጋው ገደሉን ተከትሎ ይዞራል፤ ያመለጠው ብዙ ጊዜ ተመልሶ ስለሚመጣ ማሳደድ አያስፈልግም። ባዶ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ቆይተው ሁለት መቶ ሜትር ያህል ወደ ጎን ይሂዱና እንደገና ይቀመጡ።

ቁጭ ማለት ሌላ ጥቅም አለው። የተረጋጋ ሰው ለአካባቢው እንስሳት ሥጋት መሆኑ ይቀራል። ሌሊቱን ገደሉ ላይ ያደሩት ጭላዳዎች ፀሐይ ሲሞቃቸው ወደ ሜዳው ይወጣሉ፤ ሣር እየነጩ በሃያ ሜትር ርቀት ያልፋሉ። ቀይ ደረታቸውን ያቀኑ ወንዶች፣ በእናት ጀርባ የታዘሉ ግልገሎች፣ ያለማቋረጥ የሚነጋገር መንጋ፤ ይህን ያለ አጥር በቅርብ ማየት የሚቻለው በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው።

ከእግርዎ በታች ደግሞ አሞሮች ይበርራሉ። ገደል አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ሌላ ቦታ ከሆድ በኩል ብቻ የሚያያቸውን ወፎች ከጀርባቸው ያያል። አጥንት ሰባሪው አሞራ በጠባብና ረጅም ክንፉ፣ በሹል ጅራቱ ይለያል። አጥንት ተሸክሞ ወደ ላይ ይወጣና ድንጋይ ላይ ጥሎ ከሰበረው በኋላ ወርዶ ይመገባል። ጥቁሩ የቬሮ ንስር በጀርባው ላይ ባለው ነጭ ምልክት ይታወቃል፤ ሽኮኮ የሚያድነውም በእነዚህ ቋጥኞች መካከል ነው። በማጅራቱ ነጭ ምልክት ያለበት፣ ማንቁሩ እጅግ ወፍራም የሆነው ቁራ ሳይጠሩት ይመጣል። ማለዳ ላይ ከቁጥቋጦ ሥር የሚጮኸው ትልቅ ቆቅ የኤርክል ቆቅ ነው። ነጭ ማንቁር ያለው ጥቁር ዘርዛሪም በጥንድ ሆኖ ከገደሉ ሲወጣ በክንፉ ላይ ያለው ቀይ ቡናማ ብልጭ ይላል።

7. ወፏ ስትታይ ከስሙ በፊት መልኩን ይጻፉ

ቡናማ መንጋ ሲያርፍ «እርሷ ናት» ማለት ቀላል ነው። ከመወሰንዎ በፊት ሦስት ነገር ይመልከቱ፤ ቅንድብ አላት ወይ፣ የጀርባዋ ጭረት እስከ ጅራት ሥር ይደርሳል ወይ፣ ደረቷስ ምን ያህል ጭረት አለበት። አብረዋት ያሉት ሁሉ አንድ ዓይነት መሆናቸውንም ይፈትሹ፤ መንጋው ቅልቅል ሊሆን ይችላልና። ያዩትን በደብተሩ ላይ ይጻፉ፣ ከዚያ መጽሐፉን ይክፈቱ። መጽሐፉን አስቀድሞ ያየ ሰው ዐይኑ ምስሉን ተከትሎ ያላየውን ጭረት ሊያይ ይችላል።

ስልክ ያለው በባይኖኩላሩ አንድ ዐይን በኩል ፎቶ ማንሣት ይችላል። ምስሉ ባያምርም ለማረጋገጫ ይበቃል።

ካረጋገጡ በኋላ ቶሎ አይሂዱ። ስለዚህች ወፍ ኑሮ የተጻፈው ጥቂት ነው። ምን ስትለቅም እንዳዩ፣ ስንት እንደነበሩ፣ ጥንድ ሆነው እንደሆነ፣ ሣር ወይም ላባ በአፏ ይዛ እንደሆነ የሚገልጽ ማስታወሻ «አየሁ» ከሚል ምልክት የበለጠ ዋጋ አለው።

8. ወደ ቆላው ይውረዱ

ጉሙ አፋፉን ከሸፈነ፣ ወይም ሴሪኗ ቀድማ ታይታ ቀኑ ገና ከሆነ፣ መንገዱ ወደ አልዩ አምባና ወደ መልካ ጀብዱ ይወርዳል። አልዩ አምባ በጥንቱ የሲራራ ንግድ ዘመን የአንኮበር በር የነበረች ገበያ ናት። ውርጩ ቀርቶ ግራር ይጀምራል፤ ከፍታው 1,500 ሜትር ገደማ ሲደርስ ካፖርቱ መኪና ውስጥ ይቀራል፣ የወፉም ዓይነት ከሞላ ጎደል ይለወጣል። ጎባጣ ቀይ ማንቁራቸውን ይዘው ከግራር ወደ ግራር የሚበሩትን ሆርንቢሎች ማየት የሚጀምሩት እዚህ ነው።

እዚህ ሌላ ታሪክ ያላት ወፍ ትኖራለች። የጣሊያን ሰብሳቢዎች በ1880ዎቹ ከዚህ አካባቢ የወሰዷቸውን ሦስት ናሙናዎች መሠረት አድርጎ ቶማሶ ሳልቫዶሪ በ1888 ቢጫ ጉሮሮ ያላትን ጥሬ ለቃሚ ሰየማት። ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ያያት አልተመዘገበም። የሁለት ሌሎች ዝርያዎች ዲቃላ ትሆናለች ተብሎ ከዝርዝር እስከ መሰረዝ ተደርሶ ነበር። በ1989 እንደገና ተገኘችና የራሷ ዝርያ መሆኗ ተረጋገጠ። በደረቁ ቁልቁለት ላይ በግራርና በቁጥቋጦ መካከል በጥንድ ወይም በትንሽ መንጋ ስትለቅም ትታያለች፤ መለያዋ ጉሮሮዋ ላይ ያለው ቢጫ ነው።

ቁጥቋጦ ውስጥ የሚደረገው ፍለጋ ከገደሉ ይለያል። ተቀምጠው ከመጠበቅ ይልቅ በዝግታ እየተራመዱ፣ በየሃምሳ እርምጃው ቆም ብለው ያዳምጡ። ውሃ ባለበት ቦታ ረፋዱ ላይ መጠበቅም ጥሩ ነው፤ ጥራጥሬ የሚለቅሙ ወፎች ውሃ ሳይጠጡ አይውሉምና።

9. የአገሩን ሰውና የወፉን ሰላም ይጠብቁ

አፋፉም ሜዳውም የሰው መኖሪያ ነው። ማሳ አቋርጦ ከመግባት በፊት ባለማሳውን ሰላም ብሎ ማስፈቀድ ይገባል። «ወፍ ለማየት ነው» የሚለው መልስ መጀመሪያ ግር ቢያሰኝም፣ ባይኖኩላሩን ለእረኞቹ ሰጥቶ ጭላዳውን ወይም አሞራውን ማሳየት ጥርጣሬውን ያበርዳል። ብዙ ጊዜም መንጋው ጠዋት የት እንደሚያርፍ የሚያውቁት እነዚሁ እረኞች ናቸው። የአካባቢ አስጎብኚ ይያዙ፣ ተገቢውን ክፍያም ሳይከራከሩ ይክፈሉ። በበርጋ የነጭ ክንፍ ፍላፍቴይል መራቢያ የሆነውን ረግረግ ከሚጠብቁት መካከል የአካባቢው ነዋሪዎች ራሳቸው ይገኙበታል። ወፉ መኖሩ ለነዋሪው ጥቅም ሲያመጣ ጥበቃው ይቀጥላል።

የተቀዳ የወፍ ድምፅ ደጋግሞ በማሰማት ወፍ መጥራት አይገባም፤ ወፉ ተቀናቃኝ የመጣበት መስሎት ምግቡን ትቶ ይጨነቃል። ጎጆ ካዩ ወዲያው ወደኋላ ይመለሱ፤ ወላጁ ከራቀ እንቁላሉ ይቀዘቅዛል፣ ቁራም የሰውን ዱካ ተከትሎ ይመጣል። የብርቅ ወፍ ጎጆ ያለበትን ትክክለኛ ቦታ በማኅበራዊ ሚዲያ አይለጥፉ። ለጭላዳዎቹ ዳቦም ሆነ ቆሎ አይወርውሩ፤ ሰው ምግብ እንደሚሰጥ የለመደ መንጋ ወደ ማሳና ወደ ቤት ይገባል፣ ከገበሬው ጋርም ይጣላል።

10. ማታ ዝርዝሩን ሙሉ አድርገው ይመዝግቡ

ኢትዮጵያ ውስጥ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ይህ ዕውቀት የተሰበሰበው ተመልካቾች ለዓመታት በየቦታው ካስቀመጡት ማስታወሻ ነው። የአንኮበርን ሴሪን ያገኘው ጆን አሽ ከጆን አትኪንስ ጋር በ2009 ያሳተመው የኢትዮጵያና የኤርትራ ወፎች ሥርጭት አትላስ የእያንዳንዱን ወፍ መኖሪያ በካርታ ላይ ያሳየው እንዲህ ያሉ መዝገቦችን አሰባስቦ ነው።

የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፍ ጥናት ማዕከል የሚያስተዳድረው ኢበርድ የተባለው መዝገብ ማንም ሰው በነፃ ያየውን የሚያስገባበት ነው። በስልክዎ ቦታውን፣ የጀመሩበትን ሰዓት፣ የቆዩበትን ጊዜና የተጓዙትን ርቀት ይሙሉ፤ ከዚያ የለዩአቸውን ወፎች ሁሉ ከነቁጥራቸው ያስገቡ። ጋጋኖውንም፣ ቁራውንም፣ በየከተማው የሚታየውን ነጭ አንገት ያለውን ዋኔም አይተዉ። መጨረሻ ላይ መተግበሪያው የለዩአቸውን ወፎች ሁሉ አስገብተው እንደሆነ ይጠይቃል። «አዎ» የሚለው መልስ ለአጥኚዎች ልዩ ጥቅም አለው፤ በዝርዝሩ የሌለ ወፍ ተፈልጎ ያልታየ መሆኑን የሚረዱት ከዚህ ነውና። ሁለት ሰዓት ገማሳ ገደል ላይ ተቀምጠው ሴሪኗን ሳያዩ የተመለሱ ከሆነም ዝርዝሩን ሳያቋርጡ ያስገቡ። በዓመታት መካከል እየበዛች ወይም እየቀነሰች መሆኗ የሚታወቀው የታየችባቸውና ያልታየችባቸው ጠዋቶች ጎን ለጎን ሲቆጠሩ ነው።

እርግጠኛ ያልሆኑባትን ወፍ «ያልታወቀ ጥሬ ለቃሚ» ብለው ከማስታወሻውና ከፎቶው ጋር ያስቀምጡ። ከ1966 ጀምሮ የሚሠራው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር አባላት ወይም ልምድ ያላቸው አስጎብኚዎች አይተው ሊለዩዋት ይችላሉ።